ውሻው አከከ ብላችሁ ያገኛችሁትን አትቀቡት

ሙቀቱ መጥቷል። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳ መውጣት ጀምረዋል፤ ውሻ ያላችሁ ደግሞ ውሻው አብሯቸው ሣር ላይ ሲንከባለል ውሎ ይገባል። ማታ ሁሉም ሰው ሊተኛ ሲል ያ ድምፅ ይጀምራል። የአንገቱ ማሰሪያ ይንቃጨላል፣ እግሩ ወለሉን ይደበድባል፣ ትንሽ ያርፍና እንደገና ይቀጥላል። በሦስተኛው ቀን ከቤቱ ሰው አንዱ ይነሳና "ኧረ ለዚህ ውሻ አንድ ነገር እናድርግለት" ይላል። የዚህ ወር ጉዳያችን ያ "አንድ ነገር" ምን መሆን እንዳለበትና ምን መሆን እንደሌለበት ነው።

አገር ቤት ውሻ የሚያድረው ግቢ ነበር። ሲያክ ቢያድር የሚሰማው ዘበኛው ብቻ ነው። እዚህ ግን ቡቺ ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ (እናቶች፣ አትቆጡ) የልጆቹ አልጋ ላይ ወጥቷል። ስለዚህ የእሱ ቆዳ የእኛም ጉዳይ ሆኗል። ሐኪም ቤት መውሰዱ ደግሞ ውድ ነው፤ ይሄን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ልንረዳው መሞከራችን ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜም ይሳካል።

ግን አንድ ነገር ከሁሉም በፊት ልብ በሉልኝ። ሰው ቆዳው ላይ ቅባት ቢቀባ ቅባቱ እዚያው ይቆያል። ውሻ ግን ያሳከከውን ቦታ የሚያስታግሰው በምላሱ ነው። የቀባችሁለት ነገር ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሆዱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ይሄ ለቆዳ ጥሩ ነው ወይ?" ብቻ አይደለም፤ "ይሄን ቢበላው ምን ይሆናል?" የሚለውም ነው።

በዚህ ዓይን የመድኃኒት መሳቢያችሁን እስቲ ክፈቱት። የሕፃን ዳይፐር ቅባት አለ? ብዙዎቹ ዚንክ ኦክሳይድ አለባቸው። ውሻ ሲልሰው ያስታውከዋል፣ ደጋግሞ ከላሰው ደግሞ ቀይ የደም ሴሎቹን ይጎዳል። ለሶራያሲስ የሚታዘዝ ካልሲፖትሪን ያለበት ቅባትስ? እሱ በጥቂቱም ሊገድል የሚችል ነው፤ ውሻው ቱቦውን እንኳ እንዳያገኘው አርቁት። ቲ ትሪ ኦይል "ተፈጥሯዊ ነው" እየተባለ ይሸጣል፣ ያልተበረዘው ግን ጥቂት ጠብታው ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ እግሩን ያልፈሰፍሰዋል። አልኮልና ሀይድሮጅን ፐሮክሳይድ የተላጠ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ቁስሉ እንዳይድንም ያዘገያሉ። "ያመው ይሆናል" ብላችሁ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል (አሜሪካ ታይለኖል የሚባለውን) እንዳትሰጡት፤ ሁለቱም ለውሻ መርዝ ናቸው።

የእኛም የቤት መድኃኒት አለ። ፌጦን በሎሚ አሽቶ መቀባት ለሰው የለመድነው ነገር ነው፤ ፌጦ እንደ ሰናፍጭ የሚያቃጥል ስለሆነ ግን በጥርሱና በጥፍሩ የላጠው ቆዳ ላይ ስታደርጉበት ምን እንደሚሰማው ገምቱት። ላምባ (ነጭ ጋዝ) ቁንጫ ይገድላል ብለው የሚያምኑ ዛሬም አሉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለእከክ የሚቀቡም አሉ፣ ይሄኛውን ፈረንጆቹም ያደርጉታል። ሁለቱም ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ሲላሱ ይመርዛሉ፣ ወደ ሳንባ ከገቡም ይገድላሉ። በረኪና ለወለል ነው። ነጭ ሽንኩርት ቢበላ ቁንጫ ይርቀዋል የሚለውን ደግሞ ከአእምሯችሁ አውጡት፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ብስሉም ዱቄቱም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም ቀይ ሽንኩርት፣ ማለትም አንድ ተለቅ ያለ ራስ፣ ጉዳት ለማድረስ ይበቃል። ቁሌቱ በስንት ሽንኩርት እንደሚሠራ የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ የተረፈ ወጥ ለውሻ ሳህን አይሆንም።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ እንወቀው። ማከክ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ቁንጫ ሊሆን ይችላል፣ የአበባ ብናኝ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስም፣ እከክም፣ ምግብም ሊሆን ይችላል። የሚያክበት ቦታ ብዙ ይናገራል።

ከጅራቱ በላይ ወገቡ ላይና የኋላ ጭኑ ላይ ከሆነ ቁንጫ ጠርጥሩ። "ቤታችን ንጹሕ ነው፣ አንዲት ቁንጫ አላየሁም" አትበሉ። ቁንጫ የሚያሳክከው በምራቋ ነው፤ ምራቋ አለርጂ የሚሆንበት ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ለቀናት ያሰቃየዋል። ስለዚህ ፈልጋችሁ ላታገኟት ትችላላችሁ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥቡ፣ ውሻውን በደቃቅ ማበጠሪያ ወገቡ አካባቢ አበጥሩትና የወጣውን ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ አራግፉት። አፈር ከሆነ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ትንሽ ቆይቶ ዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል፤ ምክንያቱም የተፈጨ ደም ነው። ልጆች፣ ይሄን ምርመራ እናንተ መሥራት ትችላላችሁ።

ቁንጫ ከሆነ ውሻውን ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ እንኳ አይደለም። ቤት ውስጥ ካለው የቁንጫ ዘር አዋቂ ሆኖ ውሻው ላይ የሚገኘው 5 ከመቶ ያህሉ ነው። የቀረው እንቁላል፣ እጭና ኩብኩባ ሆኖ ምንጣፍ ውስጥ፣ ሶፋ ስር፣ የውሻው መኝታ ላይ ነው። ኩብኩባው ደግሞ ሽፋኑ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆይና የእግር ኮቴ ሲሰማ ይወጣል። ከእረፍት ተመልሳችሁ የተዘጋ ቤት ስትከፍቱ ቁንጫ የሚዘልባችሁ ለዚህ ነው። መኝታውን፣ የሚተኛበትን ብርድ ልብስና የልጆቹን አንሶላ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ እጠቡ። ምንጣፉንና የሶፋውን ጥግ በየቀኑ በቫኪዩም ጥረጉ፣ የሰበሰባችሁትንም ወዲያው ውጭ ጣሉት። ውሻውን፣ ድመት ካለ ድመቷንም፣ እንደየዓይነታቸው በተሠራ መድኃኒት በየወሩ ቢያንስ ለሦስት ወር ያዙ። "ጠፋ" ብላችሁ በአንድ ወር ካቆማችሁ ኩብኩባው ይመለስባችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጀርባው ላይ የሚንጠባጠበው የውሻ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን አለበት፤ ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። ድመት ያለበት ቤት ፓኬቱን ሳታነቡ እንዳትገዙ። የትልቅ ውሻ መድኃኒት ርካሽ ነው ብሎ ለትንሽ ውሻ ከፍሎ ማድረግም አይሆንም፤ ሁሉም በክብደት ነው። አገር ቤት ለትኋንና ለቁንጫ የምንረጨው ማላታይን ከሻንጣ ወጥቶ ውሻ ላይ እንዳይነሰነስ። መድኃኒቱ እስኪደርቅ ድረስ ልጆች አይንኩት፣ ያን ሌሊትም አብረውት አይደሩ።

የሚልሰው መዳፉን፣ የሚያከው ብብቱን፣ ሆዱን፣ ፊቱንና ጆሮውን ከሆነ፣ በተለይም በየዓመቱ በዚሁ ወቅት የሚነሳበት ከሆነ፣ የአበባ ብናኝ ወይም የአቧራ አለርጂ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ባለው ውሻ ይጀምራል። ይሄ የማይድን ግን የሚያዝ ነገር ነው፤ የቤት እንክብካቤም በጣም የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሲገባ መዳፉን፣ በጣቶቹ መካከልና ሆዱን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። (ክረምት በረዶ ሲጥልም ይሄን ልማድ አትተዉት፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፍ ይሰነጥቃል።)

ከዚያ አጃ። አዎ፣ ሾርባ የምንሠራበት አጃ። ስኳርና ጣዕም ያልገባበትን ተራ አጃ እንደ ዱቄት እስኪልም ፍጩት። ልከኛ መሆኑን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ አማስሉ፤ ውሃው ወተት ከመሰለ ደርሷል፣ ከስር ከዘቀጠ መልሳችሁ ፍጩ። ግማሽ ኩባያ ያህል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ በትኑና ውሻውን 10 ደቂቃ አቆዩት፣ በኩባያ ጀርባው ላይ እያፈሰሳችሁ። ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ያብሳል፤ ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። በደንብ አለቅልቁና በፎጣ አድርቁት፣ በተለይ የእግር ጣቶቹን መሐል፤ እርጥብ ከቀረ ፈንገስ ይወዳል። አጃው ቢላስም አይጎዳውም፤ ከሁሉም የምወደው ለዚህ ነው።

ሻምፑን በተመለከተ የእኛን አትጠቀሙበት። የሰው ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው፤ የውሻ ቆዳ ግን ወደ 7 የቀረበ ነው። ለእኛ የተሠራው እሱን ያደርቀዋል፣ የሳህን ሳሙና ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጤነኛ ውሻን በወር አንዴ ማጠብ ይበቃል። ክሎርሄክሲዲን ያለበት የውሻ ሻምፑ ከገዛችሁ ደግሞ ቶሎ አታለቅልቁት፤ የሚሠራው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ሲቆይ ነው። ሰው "ሻምፑው አልሠራም" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ደቂቃ አቆያችሁት ብዬ ነው።

ጠዋት ምንም አልነበረም፣ ማታ ስትመጡ ግን መዳፍ የሚያህል ቀይ፣ እርጥብ፣ ፀጉሩ የተጣበቀበት ቁስል ተፈጠረ እንበል። ይሄ ወፍራም ፀጉር ያላቸው እንደ ጎልደን ሪትሪቨርና ላብራዶር ያሉ ውሾች በተለይ ሲዋኙ ወይም ዝናብ ሲመታቸው የሚያገኛቸው ነው። በሰዓታት ውስጥ ይሰፋል። በጣም ስለሚያም የዋህ የሚባለው ውሻም ሊነክስ ይችላል፤ ልጆችን አርቁና ሁለት አዋቂ ሆናችሁ ሥሩ። ዙሪያውን ያለውን ፀጉር በፀጉር መቁረጫ ማሽን አሳጥሩት እንጂ በመቀስ አትሞክሩ፤ ቆዳው አብሮ ይቆረጣል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ በንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስቴ ቀስ ብላችሁ አጽዱት፣ አድርቁት፣ ክፍት አድርጋችሁ ተዉት፤ ቅባትም ፋሻም አያስፈልገውም። ወሳኙ አለመላሱ ነው። አንገቱ ላይ የሚጠለቀውን ፕላስቲክ ኮን ግዙለት። ሲያዩት ያሳዝናል፣ በር ይመታል፣ ልጆቹም "አውልቁለት" ብለው ይለምናሉ። አታውልቁለት። በሁለት ቀን ውስጥ መድረቅ ካልጀመረ፣ ከሰፋ ወይም መግል ካመጣ ወደ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ቆዳ እንምጣ። ውሻው ማከክ ከጀመረ በኋላ ልጃችሁ ክንዱ ወይም ሆዱ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ካወጣ፣ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ አትዩአቸው። የውሻ እከክ የሚያመጣው ተባይ ሰው ላይ ይሻገራል። እኛ ላይ ዘር አፍርቶ አይኖርም፣ ግን ይነክሳል፤ ውሻው ሲታከም የሰውየውም ይጠፋል። እከክ ያለበት ውሻ የጆሮውን ጠርዝ በጣታችሁ ብታሹት ብዙ ጊዜ የኋላ እግሩ በራሱ ማከክ ይጀምራል። ክብ ሆኖ ፀጉሩ የተመለጠ፣ ቅርፊት ያለው ቦታ ከሆነ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ፈንገስ ነው፣ ከውሻ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ዘሩም ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያል። በሌላ በኩል ቡችሎች ፊት ላይ ፀጉር የሚመልጥ ዴሞዴክስ የሚባል ሌላ ተባይ አለ፣ እሱ ወደ ሰው አይሻገርም። ሦስቱን በዓይን መለየት አይቻልም፤ ሐኪሙ ቆዳውን ትንሽ ፍቆ ወይም ፀጉር ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። እዚህ ላይ የቤት ሙከራ ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። ልጁን ለሐኪም ስታሳዩም ቤት ውስጥ የሚያክ ውሻ እንዳለ ተናገሩ፤ ካልተጠየቃችሁም ተናገሩ።

መዥገር ካገኛችሁ በሹል ወረንጦ ቆዳው ሥር ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳትጠመዝዙ ሳቡ። ክብሪት፣ ቫዝሊን፣ ጋዝ የሚባለውን ተዉት። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ልብ በሉ፦ ቡናማው የውሻ መዥገር ሙሉ ዕድሜውን ቤት ውስጥ መኖር ይችላል፣ ግድግዳ ስንጥቅና መጋረጃ ጀርባ ፈልጉት።

ስለ ምግብ ብዙ ሰው ይጠይቃል። እውነት ነው፣ የምግብ አለርጂ ያለበት ውሻ ዓመቱን ሙሉ ያካል፣ ጆሮውም ደጋግሞ ያመዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ምክንያቶች የበሬ ሥጋ፣ የወተት ውጤትና ዶሮ ናቸው። ማረጋገጫው በሐኪም የተመረጠ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት መስጠት ነው፤ "ብቻ" የሚለው ቃል ግን እኛ ቤት ይቸግራል። እንግዳ ይመጣል፣ ጥብስ ይቀርባል፣ ውሻው ጠረጴዛ ሥር ዓይኑን ያስለመልማል፣ ከአገር ቤት የመጡት አያት "ምስኪን እኮ ነው" ብለው አንድ ቁራጭ ይጥሉለታል። የስድስት ሳምንት ልፋት በአንዲት ቁራጭ ይበላሻል። ለአያት ቀድማችሁ፣ በአክብሮት፣ "እማማ፣ መድኃኒት ላይ ነው" በሏቸው። መድኃኒት የሚለውን ቃል ያከብራሉ፣ ውሸትም አይደለም።

ለአለርጂ የምንውጠውን ክኒን መስጠት ይቻላል ወይ? ለአንዳንድ ውሻ ሐኪም ያዝዛል፣ ብዙዎቹን ግን ያን ያህል አይረዳም። ችግሩ ከጉንፋን መድኃኒት ጋር የተቀላቀለው ነው፤ ፕሱዶኤፌድሪን ያለበት ክኒን የውሻን ልብ ይጎዳል። ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የገባበት ሽሮፕም መርዝ ነው። መጠኑን ሐኪም በስልክ ሳይነግራችሁ አትስጡ።

ሳትዘገዩ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከቸገረው በዚያችው ደቂቃ። ከጆሮው ሽታ ከመጣ ወይም ጭንቅላቱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ከሆነ በዚያ ሳምንት፤ የጆሮው ታምቡር ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል የጥጥ እንጨትም ጠብታም አትክተቱ። መብላት ከተወ፣ ከተኮሰ፣ ቆዳው ከሸተተ፣ ወይም በቤት እንክብካቤ አንድ ሳምንት አልፎት ካልተሻለው እንዲሁ። የማይሆን ነገር ልሶ ከሆነ አሜሪካ ያላችሁ የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መረጃ ማዕከልን በ888-426-4435 ሌሊትም ቢሆን መደወል ትችላላችሁ፣ ክፍያ ግን ሊጠይቅ ይችላል። እንግሊዝ ያላችሁና የመንግሥት ድጎማ የምታገኙ ቤተሰቦች ፒዲኤስኤ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ያክምላችሁ እንደሆነ ጠይቁ። የትም ብትሆኑ ምርመራው ሳይጀመር "ስንት ይመጣል? በጽሑፍ ስጡኝ" ማለት ነውር አይደለም፤ ሐኪሞቹ ለምደውታል። "ዛሬ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው፣ የሚቆየውስ የቱ?" ብላችሁም ጠይቁ። ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጅ አስተርጓሚ ከማድረግ በፊት አስቡበት። የሚወደው ውሻ መታመሙን ለእናቱ የሚተረጉም የአሥር ዓመት ልጅ ሁሉንም አይናገርም።

ልጆች፣ የእናንተ ሥራ ይኸውና። አንድ ደብተር ውሰዱና ቡቺ የት የት እንዳከከ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ከበላ ወይም የት ከሄደ በኋላ እንደሆነ ጻፉ። ቀይ የሆነውን ቦታ በየሁለት ቀኑ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፣ እየሰፋ ይሁን እየጠበበ ሳንቲሙ ይነግራችኋል። ሐኪሙ ይሄን ሲያይ ግማሹን ጥያቄ አይጠይቅም። የውሻውን ብርድ ልብስ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማጠቢያ ማሽን የምትወስዱትም እናንተ ናችሁ፤ ውሻ እንግዛ ያላችሁ ጊዜ ቃል ገብታችሁ አልነበር?

በሚቀጥለው ወር የድመት ፀጉር አለርጂ ስላለባቸው ልጆች እንጫወታለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።